ጤና ጠያቂ ይወዳል

አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ከሁሉ አስቀድመው ከሚያጠኗቸው ቃላት አንዱ «ጤና ይስጥልኝ» የሚለው መሆኑን እናውቃለን። ቃሉ ሰላምታም ነው፣ ምርቃትም ነው። ጥቂት ቆይቶ ተማሪው «እንደምን አደሩ» ማለትን ይለምዳል፤ ይህም ሰላምታ ይምሰል እንጂ ጥያቄ ነው። ከዚያም ወዲያ በትምህርቱ ሲገፋ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል፤ ይኸውም በአማርኛ የታመመን ሰው ሄዶ ማየት «መጠየቅ» መባሉ ነው። አንድ ሰው «ትናንት ወዴት ጠፉ?» ቢባል፣ «ጎረቤቴ ታሞ ልጠይቀው ሄጄ ነበር» ብሎ ይመልሳል። ጠያቂው ሐኪም አይደለም፤ መድኃኒትም አልያዘም፤ ቢበዛ ጥቂት ብርቱካን ይዞ ቢሄድ ነው። ሆኖም ጠያቂ ያጣ በሽተኛ ሕመሙ እጥፍ እንደሚሆንበት የማያውቅ የለም።

ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ጃፓን ሕዝብ ጤና ነው። በዚያም አገር ሰው ከወዳጁ ጋር ሲገናኝ «ኦገንኪ ዴስ ካ» ይለዋል፤ ትርጓሜውም «ብርቱ ነዎት ወይ?» እንደ ማለት ነው። ስለ ጃፓን በአማርኛ መጻፍ የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደዚያ አገር ተጉዘው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚባለውን መጽሐፍ ለአገራቸው ሰው አበርክተዋል። እኛ ደግሞ ከብዙ ዘመን በኋላ ለጥቂት ወራት ትምህርት ተልከን በናጋኖ ጠቅላይ ግዛት በቆየንበት ጊዜ ያየነውንና የሰማነውን፣ ከዚያም ወዲህ አንብበን የተረዳነውን አንድ ላይ አድርገን እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የጃፓን ሕዝብ ዕድሜ ረጅም መሆኑ በዓለም የታወቀ ነው። በ2024 በወጣው ስሌት መሠረት አንድ ወንድ ልጅ ሲወለድ ሊኖር የሚጠበቅበት ዘመን 81 ዓመት፣ የሴት ልጅ ደግሞ 87 ዓመት ነው። መንግሥቱ መቶ ዓመት የሞላቸውን ሰዎች መቁጠር በጀመረበት በ1963 በመላው አገር የተገኙት 153 ብቻ ነበሩ፤ በ2025 ግን ቁጥራቸው 99,763 ደርሷል። ከ1963 ጀምሮ መቶ ዓመት ለሞላው ሰው ሁሉ በሽማግሌዎች ክብር ቀን የብር ጽዋ ይሰጠው ነበር። ይሁን እንጂ ተሸላሚዎቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ወጪው ስለ ከበደ፣ ከ2016 ወዲህ ጽዋው ንጹሕ ብር መሆኑ ቀርቶ በብር የተለበጠ ሆኗል። ከመቶ ዓመት ባለጸጎች ብዛት የተነሣ ብር የሚወደድበት አገር መኖሩ ደስ የሚያሰኝ ችግር ነው።

ይህን የሰማ ሰው ምክንያቱን ሲጠይቅ፣ አንዳንዱ «ዓሣ ስለሚበሉ ነው» ይላል፤ አንዳንዱ «ሻይ ስለሚጠጡ ነው» ይላል፤ ሌላውም «የደማቸው ነገር ነው» ብሎ ይደመድማል። በእነዚህ ነገሮች ውስጥ እውነት የለም አንልም። ነገር ግን በ1947 የጃፓን ወንድ አማካይ ዕድሜ 50 ዓመት፣ የሴቲቱም 54 ዓመት ብቻ እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት መካከል 76 ያህሉ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ዛሬ ግን የሚሞቱት ሁለት እንኳ አይሞሉም። ባሕሩም፣ ዓሣውም፣ ሻዩም ያን ጊዜ ነበሩ። ደምም በአንድ ትውልድ አይለወጥም። እንግዲያው የተለወጠው ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት ከናጋኖ የተሻለ ምስክር የለም።

ናጋኖ ባሕር የማይደርስባት፣ በታላላቅ ተራሮች የተከበበች ደጋ ናት። ክረምቷ ረጅም ነው፤ በረዶውም መንገዱን ይዘጋል። በዚያ ወራት ለምለም ቅጠል ስለማይገኝ ገበሬው ጎመኑን በመከር ጊዜ በጨው ዘፍዝፎ በጋን ያስቀምጠዋል። ሚሶ የሚባለው፣ ከአኩሪ አተር ተብላልቶ የሚዘጋጀው ማጣፈጫም ጨው የበዛበት ነው፤ ከእርሱም የሚሠራው ሾርባ ከገበታ አይጠፋም ነበር። በዚህ ላይ የገበሬው ቤት ቀዝቃዛ ነበር፤ መጸዳጃውም ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት ውጪ ይሠራ ነበር። ጨው ደም ብዛትን ያመጣል፤ ብርድም የደም ሥርን ያጠባል። ስለዚህ በክረምት ሌሊት ከሞቀ መኝታው ተነሥቶ ወደ ደጅ የወጣ ሽማግሌ በዚያው ወድቆ ይቀር ነበር። ስትሮክ የሚባለው፣ በአንጎል ውስጥ የደም ሥር ሲፈነዳ ወይም ሲዘጋ የሚመጣው በሽታ፣ ከ1951 እስከ 1980 ድረስ በመላው ጃፓን የሞት ምክንያቶች ሁሉ አውራ ነበር። ናጋኖም በ1960ዎቹ ይህ በሽታ እጅግ ከሚበረታባቸው ግዛቶች አንዷ ነበረች።

በ1945 ዶክተር ቶሺካዙ ዋካትሱኪ የሚባሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በናጋኖ ውስጥ በሳኩ አውራጃ ወደ ነበረች አንዲት ትንሽ የገበሬዎች ኅብረት ሆስፒታል መጡ። ሐኪሙ ሥራቸውን ሲጀምሩ ያስቸገራቸው የመድኃኒት እጥረት ብቻ አልነበረም። ገበሬው ሕመሙን ይደብቅ ነበር። አንዳንዱ መታመሙን ሳያውቅ ይኖራል፤ ሌላው ደግሞ እያወቀ፣ ሥራ ይበደልብኛል፣ ገንዘብም የለኝም ብሎ ዝም ይላል። ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። በእኛስ አገር «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ?

ዶክተር ዋካትሱኪ በሽተኛው እስኪመጣ ድረስ በሆስፒታል ውስጥ ተቀምጠው አልጠበቁም። ከነርሶቻቸውና ከባልንጀሮቻቸው ጋር መሣሪያቸውን ተሸክመው ወደ መንደሮቹ ወጡ። ሕዝቡ ስብከት እንደማይወድ ስለ ተረዱም ምርመራውን ከጨረሱ በኋላ ቴያትር ያሳዩ ነበር፤ ተዋናዮቹም ሐኪሞቹና ነርሶቹ ራሳቸው ነበሩ። ገበሬው የራሱን ኑሮ፣ የራሱንም ቸልታ በመድረክ ላይ እያየ ይስቅ ነበር፤ ስቆም ሲያበቃ ነገሩን ያስብበት ነበር። ከዚያም በ1959 ያቺሆ በምትባለው መንደር የሕዝቡ ሁሉ ጤና በየዓመቱ እንዲመረመር ተደረገ። ለእያንዳንዱ ሰው የጤና ደብተር ተሰጠው፤ የታመመውም ያልታመመውም ተጠየቀ። ኋላ ለመላው አገር ምሳሌ የሆነው ይህ ሥራ ነው። ዶክተር ዋካትሱኪ በ1976 የራሞን ማግሳይሳይን ሽልማት ተቀብለዋል፤ ያረፉትም በ2006 ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ሐኪም ምንም ቢበረታ በየቤቱ ማድቤት ሊገባ አይችልም። ይህን ሥራ የፈጸሙት የናጋኖ ሴቶች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ግድም ታካሆ በምትባል መንደር የነበረችው የጤና ነርስ ከሥራዋ ብዛት የተነሣ ስትደክም ያዩ የመንደሩ ሴቶች «እናግዝሽ» ብለው ተነሡ። ከዚህ ጅምር የተነሣ የጤና ረዳቶች ማኅበር በግዛቱ ሁሉ ተስፋፋ። ረዳቶቹ ሐኪሞች አይደሉም፤ የቤት እመቤቶችና ገበሬዎች ናቸው። ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያገለግሉና ተራውን ለሌላ ጎረቤት ይለቃሉ። በዚህ አኳኋን ስለ ጨው፣ ስለ ደም ብዛትና ስለ ምርመራ የተማረ ሰው ያልገባበት ቤት እየጠፋ ሄደ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶች ቃል በዚህ ተፈጽሟል።

በናጋኖ ሳለን ቤታቸው ያሳረፉን ባልቴት ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፎ ነበር፤ እሳቸውም በወጣትነታቸው ከእነዚህ ረዳቶች አንዷ ነበሩ። በየማለዳው ክንዳቸውን በደም ብዛት መለኪያው ይጠቀልሉና የወጣውን ቁጥር በደብተር ይጽፋሉ። ደብተሮቹ በመደርደሪያው ላይ በየዓመታቸው ተሰልፈው አየናቸው። በሁለተኛው ቀን የእኛንም ለኩ። ቁጥሩን አይተው ምንም ሳይናገሩ፣ ከፊታችን የነበረውን በጨው የተዘፈዘፈ ጎመን አንሥተው ወደ ማዶ አኖሩት። እንደገናም እስክንሰናበት ድረስ ያ ሳሕን ወደ እኛ በኩል አልተመለሰም።

አንድ ማታ ስለዚያ ዘመን እንዲያጫውቱን ጠየቅናቸው። በ1981 የናጋኖ ግዛት ጨው የመቀነስ ዘመቻ በጀመረ ጊዜ ረዳቶቹ በየቤቱ እየዞሩ የሾርባውን ጨው በትንሽ መሣሪያ ይለኩ ነበር። ባልቴቷ እንዲህ አሉን፤ «የሰው ሾርባ መለካት ገበናውን መለካት ነው። መጀመሪያ የለካሁት የገዛ አማቴን ሾርባ ነው። እሳቸውን ዘልዬ ወደ ጎረቤት ብሄድ ማን ያስገባኛል? መሣሪያው ያሳየውን ቁጥር ስነግራቸው ሦስት ቀን አላነጋገሩኝም። አማቼ በበረዶ ላይ ወድቀው የሞቱት በዚያ ሾርባ ነው ያልኳቸው መሰላቸው። በአራተኛው ቀን ሳሕኑን ከፊቴ አኖሩና ‹በይ፣ ለኪው› አሉኝ። ለካሁት፤ ቀንሶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ስሄድ አማቴ ከኋላዬ እየተከተሉ ‹የእኔንም ለክታዋለች› ይሉ ነበር።»

ይህን የሰማን ጊዜ፣ በጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተጽፎ የወጣ ትእዛዝ በአንዲት አሮጊት ሳሕን ውስጥ እስኪገባ ድረስ ምን ያህል መንገድ እንደሚጓዝ አስተዋልን። ትእዛዙን ያደረሰው ወረቀቱ አልነበረም፤ ቅያሜውን ሦስት ቀን የታገሠች ምራት ናት። ናጋኖ በ1990 በወንዶች ዕድሜ ርዝመት ከጃፓን ግዛቶች ሁሉ አንደኛ ሆነች፤ በ2010 ደግሞ በወንዶችም በሴቶችም ቀዳሚውን ስፍራ ያዘች። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ሆኖ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በብዛት ከሚገኙባቸው ግዛቶችም አንዷ ናት። ሽማግሌው ጠዋት ተነሥቶ ወደ አትክልቱ ይወርዳል፤ ያፈራውንም ለጎረቤቱ ይሰጣል። ይህ ሲባል ግን የጨው ጉዳይ አልቋል ማለት አይደለም። በመላው ጃፓን አንድ ዐዋቂ በቀን የሚበላው ጨው ዛሬም 10 ግራም ያህል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች ነው።

መንግሥቱም በበኩሉ የሠራው ብዙ ነው። በ1961 ሕዝቡ ሁሉ የጤና ኢንሹራንስ እንዲኖረው ተደረገ፤ ብዙው ሰው ሲታከም የሚከፍለው ከወጪው ሠላሳ በመቶውን ነው። በ1948 ደግሞ የእናትንና የሕፃንን ጤና በአንድነት የሚይዝ ትንሽ ደብተር ወጣ። እርጉዝ ሴት ይህን ደብተር ከማዘጋጃ ቤት ትቀበላለች፤ ምርመራው፣ የሕፃኑ ክብደት፣ ክትባቱም ሁሉ በዚያ ይጻፋል፤ ደብተሩም በእናቲቱ እጅ ይኖራል። ዛሬ ይህን አሠራር የተቀበሉ ሌሎች አገሮች ብዙ ናቸው። የትምህርት ቤት ምሳ ሕግም በ1954 ወጥቶ፣ ልጆች በክፍላቸው አብረው መብላትን ብቻ ሳይሆን ነጭ ልብስና ቆብ ለብሰው በየተራቸው ምግቡን ማደልን ይማራሉ።

የተገኘ ጤና ተመልሶ ሊታጣ እንደሚችል የሚያስረዳን ደግሞ የኦኪናዋ ታሪክ ነው። በደቡብ ባሕር ላይ ያለችው ይህች ግዛት የረጅም ዕድሜ አገር ተብላ በዓለም የታወቀች ነበረች። ሽማግሌዎቿ ከገበታ ሲቀርቡ «ከአሥሩ ስምንቱን እጅ ብቻ ጥገብ» የሚለውን የቆየ ምክር ያስታውሳሉ። ባልንጀሮችም «ሞአይ» በሚባል ማኅበር ተሰብስበው በየወሩ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ይጫወታሉ፤ የተቸገረውንም ይረዳሉ። እቁባችንን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ነገር ግን ግዛቲቱ እስከ 1972 በአሜሪካኖች አስተዳደር ሥር በነበረችበት ጊዜ የቆርቆሮ ሥጋና የተጠበሰ ምግብ ተለመደ፤ በእግር መሄድ ቀርቶ ሁሉም በመኪና ተሳፈረ። በ2000 የኦኪናዋ ወንዶች በዕድሜ ርዝመት ከ47ቱ ግዛቶች ወደ 26ኛው ደረጃ ወረዱ። አያቶች በጤና ሲኖሩ ልጆቻቸው አስቀድመው መታመም ጀመሩ። እንግዲህ በአንድ ትውልድ የተሠራ በአንድ ትውልድ ይፈርሳል።

ጃፓናውያን የሰውነት እንቅስቃሴን በኅብረት መሥራት ይወዳሉ። በ1928 የተጀመረው የራዲዮ ጅምናስቲክ፣ ከጦርነቱ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ተቋርጦ በ1951 እንደገና ቀጠለ፤ ዛሬም ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በየቀኑ ይሰማል። በፒያኖ ድምፅ እየተመሩ፣ ሽማግሌዎች በየመናፈሻው እጃቸውን ያነሣሉ፤ ያወርዳሉ። ልጆችም በዕረፍት ወራት ይመጡና ለመገኘታቸው ምልክት በካርዳቸው ላይ ማኅተም ይመታላቸዋል። እኛም ጥቂት ቀን ከሰልፉ ገብተን ነበር። በሦስተኛው ቀን ብንቀር በአራተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ «ትናንት አሞዎት ነበር?» ብለው ጠየቁን። ያን ጊዜ የዚያ ልማድ ጥቅም እጅን በማንሣትና በማውረድ ብቻ እንዳልሆነ ገባን፤ የቀረውን ሰው መኖር አለመኖሩን የሚያውቅ አለ።

ሽማግሌው ኢትዮጵያውያን መሆናችንን ሲሰሙ ወዲያው «አበበ!» አሉ። በ1964 በቶክዮ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ጨርሶ ሁለተኛውን የወርቅ ሜዳይ ማግኘቱን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ትርፍ አንጀቱን የተቀደደው ከሩጫው ጥቂት ሳምንታት በፊት ነበር። ጃፓናውያን አብልጠው የሚያስታውሱት ግን ከድሉ በኋላ ያደረገውን ነው። ሌሎቹ ገና ሲደርሱ እየወደቁ፣ እርሱ በሣሩ ላይ ሆኖ እንዳልደከመ ሰው ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። በየማለዳው በራዲዮ ለሚንቀሳቀስ ሕዝብ ይህ ምን ያህል ደስ የሚያሰኝ ትርኢት እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

በዚያው ሩጫ ሦስተኛ የወጣው ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያ ነበር። ወደ ስታዲየሙ የገባው ከአበበ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ሳለ፣ በሕዝቡ ፊት አንድ እንግሊዛዊ ቀደመውና በአራት ሴኮንድ ያህል ተበለጠ። የነሐስ ሜዳይ ለአገሩ ታላቅ ክብር ነበር፤ እርሱ ግን ሕዝቡን እንዳሳፈረ ቈጠረው። ለሚቀጥለው ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ ወገቡና እግሩ ታመመ፤ ሊያገባት ያሰባትም ልጅ ከሩጫው በፊት አይሆንም ተብሎ ቀረችበት። በጥር ወር 1968፣ በ27 ዓመቱ፣ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። በተወው ደብዳቤ ወላጆቹንና ወንድሞቹን በየስማቸው እየጠራ፣ በበዓሉ ስላበሉት ስለ እያንዳንዱ ምግብ አመስግኗቸዋል። ይህን ያነበበ ሰው፣ ጥንካሬና ጤና አንድ እንዳልሆኑ ይረዳል። ማራቶን የሮጠ ሳንባና ልብ ነበረው፤ የዛለችው ነፍሱ ነበረች፤ እርሷን ደግሞ በመሣሪያ መለካት አይቻልም።

ይህ የአንድ ሯጭ ታሪክ ብቻ አይደለም። በጃፓን «ካሮሺ» የሚባል ቃል አለ፤ ትርጓሜውም በሥራ ብዛት መሞት ማለት ነው። ሌሊቱን ከመሥሪያ ቤት ሳይወጡ እያነጉ ልባቸው የቆመ፣ አንጎላቸው የደማ፣ ተስፋም ቈርጠው ራሳቸውን ያጠፉ ብዙዎች ናቸው። የሟቾቹ ሚስቶችና እናቶች ለብዙ ዓመታት ከጮኹ በኋላ፣ በ2014 ካሮሺን የሚከላከል ሕግ ወጣ፤ በ2018 በወጣውም ሕግ ትርፍ ሥራ በመደበኛው በወር ከ45 ሰዓት፣ በዓመት ከ360 ሰዓት እንዳይበልጥ ተወሰነ። ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር በ2003 ከ34,000 በላይ ነበር፤ መንግሥቱና የበጎ አድራጎት ማኅበራት ተባብረው ስለ ሠሩ በ2024 ወደ 20,000 ግድም ወርዷል። ነገር ግን በዚሁ ዓመት ከሟቾቹ መካከል ከ500 የሚበልጡት ተማሪዎች መሆናቸው የሕዝቡን ልብ አሳዝኗል።

ሌላው ቃል «ኮዶኩሺ» ነው፤ ብቻን መሞት ማለት ነው። ልጆች ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄደዋል፤ የትዳር ጓደኛ አስቀድሞ ሞቷል፤ ጎረቤትም በሩን ዘግቶ ይኖራል። አንድ ሽማግሌ ከሞተ ሳምንታት አልፈው ነው ጋዜጣው በደጁ ተከምሮ የሚታየው። የአገሩ ፖሊስ በቈጠረው መሠረት በ2024 ብቻቸውን በቤታቸው ሞተው የተገኙት ከ76,000 በላይ ናቸው፤ ከእነዚህም ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ነበር። እነዚህ ሰዎች ኢንሹራንስ ነበራቸው፤ ሆስፒታልም በቅርብ ነበራቸው። ያጡት የሚጠይቃቸውን ሰው ነበር። በ1947 ሰው የሚሞተው በችግር ነበር፤ አሁን ደግሞ ረጅም ዕድሜ ራሱ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ሸክም ሆኖ ተገኘ።

ሆኖም ናጋኖን የለወጠው መንፈስ አልጠፋም። በ1972 በፉኩሺማ ግዛት፣ ኮሪያማ በምትባለው ከተማ፣ ያኩልት የሚባለውን ከወተት የሚዘጋጅ መጠጥ በየቤቱ እየዞረች የምታድል አንዲት ሴት ነበረች። በምትዞርበት ሰፈር አንድ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ማንም ሳያየው መሞቱን ሰማች። ነገሩ ልቧን ስለ ነካው፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሽማግሌዎች ከገዛ ገንዘቧ እየከፈለች መጠጡን ታደርስላቸው ጀመር። የምታደርሰው ጠርሙስ ትንሽ ነው፤ በሩን ለማንኳኳት ግን በቂ ምክንያት ነው። ድርጅቷም የሰፈሩ ሹማምንትም ሐሳቧን ተቀበሉት፤ ከዚያም በሌሎች ከተሞች ሁሉ ልማድ ሆነ። ዛሬ ፖስተኞችና ጋዜጣ አዳዮችም የሽማግሌዎችን ደጅ ይመለከታሉ። ከዚህም በቀር «ሚንሴይ ኢን» የሚባሉ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው ከ200,000 በላይ ሰዎች በየሰፈራቸው የተቸገረውንና ብቸኛውን ይጠይቃሉ። በ2021 መንግሥቱ የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር ሾመ፤ ከ2024 ጀምሮም ስለዚሁ የወጣው ሕግ ሥራ ላይ ውሏል።

ሚኒስትር መሾሙ መልካም ነው። እኛ ግን ስለ ሚኒስትሩ ስናነብ የታወሱን ሳሕናችንን ያነሡብን ባልቴት ናቸው። ልጆቻቸው በቶክዮ ይኖራሉ፤ ባላቸው ከሞቱ ቈይተዋል፤ ስለዚህ በቁጥሩ ሠንጠረዥ ውስጥ «ብቻቸውን የሚኖሩ» ከሚባሉት ናቸው። ነገር ግን በዚያ ቤት በቈየንበት ጊዜ ሁሉ፣ ጧት መጋረጃቸው ሳይገለጥ ሲዘገይ የማዶዋ ጎረቤት «ምነው?» ብላ ሳትጣራ የቀረችበት ቀን አልነበረም። አንድ ቀን ስለዚህ ብናነሣባቸው፣ «እኔም የእሷን መጋረጃ እመለከታለሁ» ብለው መለሱልን። ብቻን መኖርና ያለ ጠያቂ መኖር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳን የለም።

እንግዲህ ከጃፓን ታሪክ የምንማረው ዓሣ መብላትን ብቻ አይደለም። የሕዝብ ጤና በሕግና በሆስፒታል ይጀምራል፤ የሚፈጸመው ግን በደጃፍ ነው። ደጃፉን የሚያንኳኳ ሰው ሲኖር፣ ጨው የለመደች አሮጊት እንኳ ሾርባዋን ትቀንሳለች፤ የሚያንኳኳ ሲጠፋ፣ ጠንካራ ሯጭ እንኳ ይዝላል። ጥያቄውም ደፋር መሆን አለበት፤ ሦስት ቀን ቢያስኮርፍም የሰውን ሳሕን የሚለካ፣ ትዕግሥትም ያለው ጥያቄ ይሁን።

አማርኛ ለምትማሩ ሹማምንት አንድ ነገር ጨምረን እንሰናበታለን። «እንደምን አደሩ?» ብላችሁ የጠየቃችሁት ሰው አብዛኛውን ጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልስላችኋል። ይህ መልስ የጨዋ መልስ ነው፤ ደኅናውም ይለዋል፣ ሕመሙን የደበቀውም ይለዋል። ስለዚህ መልሱን ከሰማችሁ በኋላ ወዲያው አትለፉ፤ ጥቂት ቁሙ። «ደም ብዛትዎን ከተለኩ ስንት ጊዜዎ ነው?»፣ «ትናንት ከሥራ የወጡት በስንት ሰዓት ነው?»፣ «ከቤት ማን አለ?» በሉት። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ነገር ያወጣል። የቋንቋ ትምህርታችሁም በዚያው ይሰፋል።